የትምህርት ቤት ማሳ ለምን ይከሽፋል? ለአንድ የግብርና መምህር ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በደቡብ ወሎ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ግብርና አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ግማሽ ሄክታር የሚሆን መሬት አለው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግንቦት መጨረሻ ላይ በቆሎ ዘርተን ሁለቱም ጊዜ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ መስከረም ስንመለስ የምናገኘው አረምና ከብት የጨረሰው አገዳ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ማሳ ውጡ ሲባሉ እንደ ቅጣት ያዩታል። ወላጆችም ‘ልጄን ያስተማርሁት ከሞፈር እንዲገላገል ነው’ ይሉኛል። ርእሰ መምህሩ ለግሪን ሃውስና ለውኃ ፓምፕ በጀት እንድንጠይቅ ሐሳብ አቅርበዋል። ያለ በጀት የተግባር ትምህርት መስጠት ይቻላል ወይ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ የግሪን ሃውሱን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩት። ሁለቱንም ዓመት የደረሰብዎ ውድቀት የመጣው፣ ማሳው ሥራ የሚፈልግበት ወቅትና በግቢው ውስጥ ሰው የሚኖርበት ወቅት ስላልተገጣጠሙ ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ዕቃ አያስተካክለውም። ግንቦት መጨረሻ የተዘራ በቆሎ የመጀመሪያውን አረም የሚፈልገው ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ተማሪው ለፈተና በሚቀመጥበት ሰሞን ነው። ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ የሚጨመርለትና ለሁለተኛ ጊዜ የሚኮተኮተው በሐምሌ ነው፤ ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ የሚገኘው ጥበቃው ብቻ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ፣ በቆሎ የዘራ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል የቅጠሉን እምብርት እየከፈተ ማየት አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው በሌለበት ግቢ በቆሎ መዝራት ዘሩንም ማዳበሪያውንም መጣል ነው።

ግሪን ሃውስ ቢሠራ ችግሩ ይብሳል። በላስቲክ የተሸፈነ ቤት ዝናብ አያስገባም፤ ስለዚህ ውጪው በክረምት ጭቃ ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ተክል በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣው ካላገኘ ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ የሚዘጋ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቤት ቢኖረው፣ መስከረም ላይ የሚጠብቀው የደረቀ አገዳና የተቀደደ ላስቲክ ነው። ፓምፑም የሚስበው ውኃ አለ ወይ የሚለውን ጥያቄ ያስከትላል፤ በጥያቄዎ ውስጥ ወንዝም ሆነ ጉድጓድ አልጠቀሱም።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ትምህርት ቤቱ ክፍት የሚሆንባቸውን ወራት መያዝ ነው። እነዚህ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ለግብርና ትምህርት የማይሆኑ ደረቅ ወራት ተደርገው ሲታዩ እሰማለሁ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በእናንተ አካባቢ ማሽላ ራስ አውጥቶ የሚያፈራበት፣ ጤፍ የሚታጨድበት፣ እህል የሚወቃበትና ጎተራ የሚገባበት፣ ዘር የሚመረጥበት፣ የችግኝ መደብ የሚዘጋጅበትና የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ይኸው ነው። ከዘር እስከ ዘር ያለውን ዑደት ብናሰላው፣ ግማሹን ተማሪው በክፍል እያለ ያገኘዋል ማለት ነው።

በጥቅምት አቀንጭራ በተባለው አረም ይጀምሩ። በቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ የሚዘራ ቤተሰብ ልጅ ሁሉ ሐምራዊ አበባውን ያውቃል፤ እህል እንደሚያቀጭጭም ያውቃል። አብዛኛው የማያውቀው ነገር ቢኖር አረሙ ብቅ ከማለቱ በፊት ከመሬት በታች ሆኖ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ለሳምንታት ሲመጠምጥ መቆየቱን ነው። ከአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ማሳ አንድ የተጎዳ ማሽላ ከነአፈሩ በጥንቃቄ በአካፋ ይነሣ፤ በባልዲ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አፈሩ ሳይጎተት ቀስ ብሎ ይታጠብ፤ ከዚያም ነጩ የአቀንጭራ ሥር ከማሽላው ሥር ጋር የተያያዘበትን እብጠት ተማሪዎቹ በዓይናቸው ይዩ። ይህን ያየ ልጅ፣ አበባው ከታየ በኋላ መንቀል ለዘንድሮው ሰብል እምብዛም የማይጠቅመው ለምን እንደሆነ፣ ፍሬ ሳያፈራ መንቀል ግን ለከርሞው ለምን እንደሚበጅ አይጠፋውም። አንድ ተክል በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር እንደሚያረግፍና ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል የሚነግሩት ከዚህ በኋላ ነው። የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ባልዲ ውኃ ነው።

ቀጥሎ የዘር መረጣ ይምጣ፤ ይህም ማሽላው ቆሞ ሳለ፣ ዘለላው ከነአገዳው በሚታይበት ጊዜ ይሁን። ከተወቃ ክምር ላይ ትልልቁን ፍሬ መልቀም ዘር መምረጥ አይደለም፤ ፍሬው ከየትኛው ተክል እንደመጣ፣ ያ ተክል በሽታ ይኑረው አይኑረው፣ ቀድሞ ይድረስ ዘግይቶ የሚታወቅበት መንገድ የለምና። እዚህ ላይ ከተማሪዎቹ እናቶች አንዷ እንግዳ መምህርት ሆነው ቢጋበዙ እመክራለሁ። በብዙ የወሎ ቤት የዘሩን ዘለላ ለይቶ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ የሚሰቅለው የሴቶቹ እጅ ነው፤ ሴት ተማሪዎች ደግሞ ግብርና የበሬና የሞፈር፣ ስለዚህም የወንድ ጉዳይ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የሚያርሙት እንዲህ ባለው ትምህርት ነው።

የማከማቻው ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሳምንታት ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አንዳንድ እፍኝ እህል ያምጡና መድረቁን በጨው ይፈትኑት። ደረቅ የሆነ ብርጭቆ ጠርሙስ ሩብ ያህሉን በእህል ይሞላል፤ በምጣድ ወይም በፀሐይ በደንብ የደረቀ አንድ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጥና ለሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው ማለት ስለሆነ ወደ ጎተራ ቢገባ ይሻግታል፤ ጨው ሳይለጠፍ ወደ ታች ከወረደ ግን ለማከማቸት ይበቃል። በዚሁ ሰሞን ነቀዝ የጀመረው ማሾ ወይም ሽምብራ በሁለት ጠርሙስ ይከፈል፤ አንደኛው እስከ አፉ ሞልቶ አየር እንዳያስገባ ይታሸግ፣ ሁለተኛው በስስ ጨርቅ ብቻ ይሸፈን። ከ1 ወርና ከ2 ወር በኋላ የተበሳው ፍሬ ከ100 ፍሬ ስንት እንደሆነ ተማሪዎቹ ይቁጠሩ። ነቀዙ በታሸገው ጠርሙስ ያለውን አየር ጨርሶ እንደሚሞት በቁጥር ሲያዩት፣ በገበያ የሚሸጠው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለምን እንደሚሠራና አንዲት ቀዳዳ ብትገኝበት ለምን ከተራ ጆንያ እንደማይሻል ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በገጠር ሱቆችና በገበያ እንደ ከረሜላ በልቅ የሚሸጡት የእህል ማከሚያ እንክብሎች፣ በተለይም ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል፣ ለማሳያ እንኳ ወደ ክፍል አይግቡ። እንክብሉ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ገዳይ ነው፤ የታወቀ ማርከሻም የለውም። ተማሪዎች ፀረ ተባይ እንዲረጩ፣ እንዲበጠብጡ ወይም ባዶ ዕቃውን እንዲያጥቡ ማድረግም በማንኛውም ምክንያት አይፈቀድ። እንዲሁም ፓርቲኒየም የተባለውን ቅንጬ አረም በባዶ እጅ ማስነቀል ቆዳን ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ልጅ ይቀሰቅስበታል፤ ጓንት ከሌለ በመቆፈሪያ ይወገድ፤ ካበበ በኋላ ደግሞ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አይግባ።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ የማሳዎን ስፋት የሚወስነው እሱ ነውና። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ ቢኖርዎ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን ብናሰላ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 160 ሊትር ይሰበስባል። ስለዚህ የ10,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት 63 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይበቃል፤ በኮምቦልቻ አካባቢ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ስለሚዘንብ፣ መስከረም ላይ ሮቶው ሞልቶ ማግኘት ቀላል ነው። አከፋፈሉ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በበጋ አትክልት በቀን ለ1 ካሬ ሜትር በግምት 5 ሊትር ይፈልጋል። 120 ካሬ ሜትር ቢተክሉ በቀን 600 ሊትር ያስፈልግዎታል፤ ሮቶው በ16 ቀን ያልቃል። 20 ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ ብቻ ቢይዙ ግን ያው ውኃ 100 ቀን ያዳርስዎታል። ይህን ስሌት እርስዎ ሠርተው አይስጧቸው፤ ተማሪዎቹ ጣሪያውን በሜትር ለክተው ይሥሩት። ግማሽ ሄክታሩ በበጋ ለምን እንደማይለማ ማንም እንዲያብራራላቸው አያስፈልግም።

ስለዚህ የበጋው ሥራ ችግኝ ይሁን። በጥር መጨረሻ አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ተደባልቆ በላስቲክ ቱቦ ይሞላ፤ ጌሾ፣ ፓፓያ፣ ወይራና ለመኖ የሚሆን ሰስባንያ ይፍላ። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለማያድጉ የሚፈሉበት ጊዜ ሊለያይ ይገባል፤ ወይራ ቀደም ብሎ፣ ፓፓያና ሰስባንያ ዘግየት ብለው ይፍሉ። ሰኔ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ችግኝ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚህ መንገድ በክረምት የሚያድገው ተክል ጠባቂ ሰው ባለበት ግቢ ይተከላል ማለት ነው። ኮምፖስቱ ለዚህ እንዲደርስ ጥቅምት ላይ፣ አረሙ እርጥብ ሆኖ ፍሬ ሳይዝ፣ በጉድጓድ መዘጋጀት አለበት፤ በደረቅ ወራት ከመሬት በላይ የተከመረ ኮምፖስት ውኃ ይጨርሳል፣ ሳይበሰብስም ይቀራል።

ለበልግ ደግሞ ከማሳዎ ላይ 12 መደቦች ከፍለው ያውጡ፤ እያንዳንዱ 2 በ5 ሜትር፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ይሁን። ክፍልዎ 60 ተማሪ ቢኖረው አምስት አምስት ሆነው አንዳንድ መደብ ይይዛሉ። ስፋቱን 10 ካሬ ሜትር ያልሁት ለስሌት ስለሚመች ነው፦ ከአንድ መደብ የተገኘ 1 ኪሎ ግራም ምርት በሄክታር 10 ኩንታል ማለት ነው፤ በሄክታር 100 ኪሎ የሚጨመር ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያም ለመደቡ 100 ግራም ይሆናል። ለሐርቡ አቅጣጫ የምመርጠው ሰብል ማሾ ነው፤ ከ60 እስከ 75 ቀን ውስጥ ስለሚደርስ መጋቢት መጀመሪያ ተዘርቶ ግንቦት ላይ ይለቀማል። መደቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንክብካቤ አያግኙ። ስድስቱ ኮምፖስት ያግኙ፣ ስድስቱ አያግኙ፤ ከየስድስቱም ግማሾቹ ይታረሙ፣ ግማሾቹ ሳይታረሙ ይቅሩ። ወላጆች ያልታረመውን መደብ አይተው ሲስቁ አይደንግጡ፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ ልዩነቱ በግራም ሲነበብ እነርሱም የሚጠይቁት ይኖራል። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለ7 ቀን ይቀመጥና ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠር፤ ከ85 በታች ከሆነ ዘሩ ይቀየር ወይም መጠኑ ይጨመር።

የበልግ ዝናብ የሚታመን አይደለም። ዘግይቶ የሚጀምርበት፣ ጀምሮም በሚያዝያ የሚያቋርጥበት ዓመት ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት ለተማሪው የሚሰጠው ነጥብ በምርቱ መጠን ላይ ከቶ አይመሥረት። መደቡ የደረቀበት ልጅ የዘራበትን ቀን፣ የበቀለውን ቁጥር፣ የየሳምንቱን ዝናብና ተክሉ የጠወለገበትን ቀን በትክክል ከመዘገበ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ዝናቡን ለመለካት የተቆረጠ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል፤ ጣሳው ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ እንጂ።

ስለ ቅጣቱ። ተማሪዎቹ ማሳውን እንደ ቅጣት የሚያዩት ቅጣት ስለሆነ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ አረም እንዲነቅል፣ የረበሸ ልጅ እንዲቆፍር ይላካል፤ ያው ልጅ በማግስቱ በዚያው መሬት ላይ በፍላጎት እንዲማር መጠበቅ አይቻልም። ርእሰ መምህሩ ማሳው የቅጣት ቦታ እንዳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ልጆቹ የሚያውቁትን ሥራ ተማሩ መባላቸው ነው፤ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የኮተኮተ ልጅ በ11ኛ ክፍል መኮትኮትን የሚማርበት ምክንያት የለም። እሱ ያልያዘው መለካትን፣ ማወዳደርንና ምክንያት መፈለግን ነው። ከማሳው የሚገኘው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውልም አስቀድሞ በተማሪዎቹ ፊት ይወሰን፤ ጎመኑ ተሽጦ ገንዘቡ የት እንደገባ ያልታወቀበት ግቢ በሚቀጥለው ዓመት መቆፈሪያ የሚያነሣ ልጅ አያገኝም።

ወላጆቹ ያሉት ነገር መሠረት አለው፤ አይከራከሯቸው። በደቡብ ወሎ አብዛኛው ቤተሰብ የያዘው መሬት ከ1 ሄክታር በታች ነው፤ ለሦስትና ለአራት ልጅ ሲካፈል ማንንም አያኖርም። ልጅዎን ገበሬ ላደርገው ነው የሚል መምህር በትክክል ይቃወሙታል። ሊነገራቸው የሚገባው፣ ይህ ትምህርት ወደ ኮምቦልቻ የግብርና ኮሌጅ፣ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት፣ ወደ እንስሳት ሕክምና፣ ወደ ችግኝ ንግድና ወደ ግብዓት አቅርቦት የሚያደርስ መሆኑ ነው። ነቀዝ የቀነሰላቸውን ጎተራ ካዩ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁም።

ለክረምቱ አንድ ደብተር ይስጧቸው። ተማሪው በሐምሌና በነሐሴ በቤተሰቡ ማሳ ላይ የተዘራበትን ቀን፣ የታረመበትን ጊዜ፣ የታየውን ተባይና ይዞት የሄደውን ችግኝ ቁመት ይመዝግብ። ስንት ኩንታል እንዳገኙና ስንት ጥማድ መሬት እንዳላቸው ግን አይጠየቅ፤ ቤተሰብ ይህን የሚሰውረው ከግብር ክፍያና ከእርዳታ ምዝገባ ጋር ስለሚያያይዘው ነው፤ ደብተሩ የቀበሌ መረጃ መሰብሰቢያ መስሎ ከታየ በአንድ ቀን ይጠፋል። በተጨማሪ፣ በደሴ ዙሪያ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ቢጻጻፉ መልካም ነው። ደሴ 2,500፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው ሙቀታቸው በ4 ዲግሪ ገደማ ይለያያል፤ የእናንተ ግቢ ደግሞ ከኮምቦልቻም ዝቅ ይላል። አንድ ዓይነት የሰላጣ ወይም የቀይ ሥር ዘር በሁለቱም ቦታ በአንድ ቀን ተዘርቶ የበቀለበትና የደረሰበት ቀን ቢነጻጸር፣ ደጋና ቆላ የሚለው ምዕራፍ በሁለት ደብዳቤ ያልቃል።

ዶሮ እናርባ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አይጀምሩት። ዶሮ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ይበላል፤ መኖ ይገዛል፤ የፈንግል ክትባት በጊዜው ካልተሰጠ በአንድ ሳምንት ቤቱ ባዶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ማሳ ደርሶ፣ ሠርቶ፣ ታጥቦ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ በሳምንት ካሉት የግብርና ክፍለ ጊዜዎች ሁለቱ በአንድ ቀን ተያይዘው እንዲሰጡ የፕሮግራም አውጪውን ከመስከረም በፊት ይጠይቁ። ብቻዎን 12 መደብ መከታተል አይችሉም፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ እንዲመጣ፣ ክፍሉም ወደ አርሶ አደር ማሰልጠኛው ማዕከል እንዲሄድ በደብዳቤ ይስማሙ። በቃል የተስማሙት ነገር ባለሙያው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነው። በሚመጣው ግንቦት በቆሎ አይዝሩ። ከመደቦቹና ከችግኝ ጣቢያው የተረፈውን መሬት በዝሆን ሣርና በሰስባንያ ይሸፍኑት፤ ሥር ከያዙ በኋላ ክረምቱን ያለ ሰው ያልፋሉ፣ ታጭደውም ለመኖ ይሸጣሉ። ዳሩ ሳይታጠር ግን ምንም አይተከል፤ ከብቱ ያለፈውን በቆሎ እንደበላው ሁሉ ይህንንም ይበላዋል። ለጽሕፈት ቤቱ የሚጻፈው የበጀት ጥያቄ አሸንዳ፣ የ10,000 ሊትር ሮቶ፣ ግራም የሚያነብ ሚዛንና የ30 ሜትር መለኪያ ይሁን። ከእነዚህ አንዱን ብቻ እንፈቅዳለን ካሉ ሮቶውን ከነአሸንዳው ይቀበሉ፤ ሚዛኑን በአቅራቢያ ካለ እህል ነጋዴ ተውሶ መመለስ ይቻላል።